የቤት ፒያኖ ቅኝትና አጠባበቅ

መግቢያ

በአማርኛችን «ቃኘ» የሚለው ግሥ ሰፊ ነው። እረኛው ከኮረብታ ላይ ቆሞ መስኩን ይቃኛል፤ ክራር መቺውም ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ክራሩን ይቃኛል። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ቅኝት» የሚለው ስም ደግሞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአንድነት የምንጠራበት ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ምድር ጋር የተያያዘ ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ስትሆን፣ አምባሰልም ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኝ አገር ነው። ስለዚህ ለወሎ ሰው ስለ ቅኝት ማስተማር «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብን እንሰጋለን።

ይሁን እንጂ ክራርና ማሲንቆ በየጨዋታው መጀመሪያ በባለቤታቸው እጅ የሚቃኙ ሲሆኑ፣ ፒያኖ ግን እንደዚያ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ሊቃኘው አይችልም፤ ሙያውን የተማረው ቃኚም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። በዚህም የተነሣ በአካባቢያችን በጥቂት ቤቶችና አዳራሾች ውስጥ የሚገኙት ፒያኖዎች ሳይሰበሩና ሳይወድቁ ቀስ በቀስ ሲጠፉ ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ልናስረዳ የምንወደው ዋና ነጥብ አንድ ነው፤ ቃኚው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመጣል፤ በቀሩት ቀኖች ሁሉ ቅኝቱን የሚጠብቀው ወይም የሚያፈርሰው ቤተሰቡ ነው።

1. የፒያኖ ቦታ በአገራችንና በቤታችን

የመጀመሪያውን ፒያኖ የሠራው በጣልያን አገር በፍሎሬንስ ከተማ ይኖር የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1700 ገደማ ነበር። መሣሪያው ወደ አገራችን ዘግይቶ ቢገባም ባዕድ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኩሲት፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በፒያኖ ድርሰቶቻቸው በዓለም ዙሪያ ታውቀዋል። እኚህ እናት በወጣትነታቸው የገቡበት ገዳም በእኛው በደቡብ ወሎ የሚገኘው ግሸን ማርያም ነው። በዚያ ዐሥር ዓመት ያህል በምናኔ፣ በባዶ እግር ኖሩ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ፒያኖ ተመልሰው የመጀመሪያውን ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳተሙ። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋርያ ዋና ከተማ በሶፍያ የተማሩት አቶ ግርማ ይፍራሸዋም ከፒያኖ ድርሰቶቻቸው አንዱን «አምባሰል» ብለው ሰይመውታል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በኩል እንደ ሆነ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ቅዱስ ዜማ ባወጡት ደንብ ፒያኖ በቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳይመታ ከልክለው ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ባጸደቀው ስለ ቅዱስ ሊጡርጊያ በሚናገረው ድንጋጌ በላቲን ሥርዓት ለኦርጋን ትልቅ ክብር ሰጥቶ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን በሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን ፈቃድ ማስገባት እንደሚቻል አስታወቀ። እኛ በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ግን ከበሮና ጸናጽል አሉን፤ ለቅዳሴያችን ፒያኖ አያሻንም። የፒያኖ ተገቢ ቦታው ቤትና አዳራሽ ነው፤ ልጆች ጣታቸውንና ድምፃቸውን ያሠለጥኑበታል፤ መዘምራንም አዲስ መዝሙር ያጠኑበታል።

ስለዚህ የፒያኖ ቅኝት የባለ ሀብት ቅንጦት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከተዛባ ፒያኖ ጋር ዘወትር የሚዘምር ልጅ የተዛባውን እንደ ትክክለኛ አድርጎ ይቀበላል። በኋላ ከሌሎች ጋር ሲዘምር ድምፁ አልስማማ ይለዋል፤ ጉድለቱም የመሣሪያው ሳይሆን የራሱ ይመስለውና ዝም ይላል። እንዲህ ዝም ያሉ ልጆችን እናውቃለን።

2. የፒያኖ አሠራር

ፒያኖን ከውጭ ስናየው እንደ ቁም ሣጥን ያለ የቤት ዕቃ ይመስለናል። በውስጡ ያለው ግን እጅግ የተወጠረ ነገር ነው። በጣት የሚጫኑት ነጭና ጥቁር ቁልፎች 88 ሲሆኑ፣ አውታሮቹ ከ200 በላይ ናቸው። በስተ ግራ ያሉት ወፍራም ድምፆች አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት አውታር ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት አላቸው። እያንዳንዱ አውታር ብዙውን ጊዜ 70 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሚሆን ኃይል የተሳበ ነው። የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል፤ ይህም የሦስት ወይም የአራት አይሱዙ ሙሉ ጭነት ያህል ነው።

ይህን ሁሉ ሸክም የሚችለው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ክፈፍ ነው። የአውታሮቹ ጫፍ ግን የሚጠመጠመው በጠንካራ እንጨት ውስጥ በተተከሉ የብረት ችንካሮች ላይ ነው፤ ችንካሩን አጥብቆ የያዘው እንጨቱ ብቻ ነው። ከአውታሮቹ በስተ ኋላ ደግሞ የጥድ ወገን ከሆነ ቀላል እንጨት የተሠራ፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ መካከሉ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ሰፊ ሳንቃ አለ። የክራር ድምፅ ቆዳ በለበሰው ገበቴ እንደሚጎላ፣ የፒያኖም ድምፅ የሚጎላው በዚህ ሳንቃ ነው። አውታሮቹን የሚመቱት መዶሻዎች ደግሞ ጫፋቸው በተጠቀጠቀ የበግ ሱፍ የተሸፈነ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ባለበት ይጸናል፤ እንጨቱ ግን እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል። በዝናብ ጊዜ ከአየሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በደረቅ ጊዜ ይሸበሸባል። ሳንቃው ባበጠ ጊዜ ጉብታው ከፍ ብሎ አውታሮቹን ይገፋል፤ ውጥረታቸው ይጨምርና ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። በደረቀ ጊዜ ጉብታው ዝቅ ይላል፤ አውታሮቹም ላላ ይሉና ድምፁ ይወርዳል። ሁሉም በእኩል ቢወጣና ቢወርድ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ነገር ግን የመካከለኞቹ ድምፆች ለውጥ ከዳርና ዳር ካሉት ስለሚበልጥ ፒያኖው ከራሱ ጋር ይጣላል። ማንም ሳይነካው ተከድኖ የቆየ ፒያኖ ቅኝቱ ፈርሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

3. የደሴና የኮምቦልቻ አየር

ሁለቱ ከተሞቻችን በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየራቸው አንድ አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርድና ጉም የሚያዘወትራት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ስለምትገኝ ሞቃት ናት። ሁለቱም በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ያገኛሉ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩም ይደርቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ በልጉ አንድ ዓመት ይዘንባል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ከዚህ የዓመት ለውጥ ሌላ የየዕለቱም አለ፤ ኮርኒስ የሌለው ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት በቀትር ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል። ለሰው በብርድ ልብስ የሚታለፈው ይህ ለውጥ ለፒያኖ ዘወትር የሚደርስበት ድካም ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር እናስታውስ። የምናውቀው አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ፒያኖ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ደሴ አመጣ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻም ተነሥቶ እንደ ገና ወደ ደሴ ይወጣል። ፒያኖው ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን አይቶ ደረሰ። ቤተሰቡ ግን ከደስታው ብዛት ቃኚውን አብሮ አምጥቶ ነበርና በማግሥቱ አስቃኘው። ወር ሳይሞላ ቅኝቱ ፈረሰ፤ ቤተሰቡም ባለሙያውን አማረረ። ጥፋቱ ግን የባለሙያው ሳይሆን የችኮላው ነበር። ወደ አዲስ ቤት የገባ ፒያኖ እንጨቱ የቤቱን አየር እስኪለምድ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊታገሡት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ይቃኛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚዛወርም ደንቡ ይኸው ነው።

4. የቤተሰቡ ድርሻ

ሀ. ስለ ቦታው፦ ፒያኖ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት፣ ከበር ንፋስና ውኃ ከሚሰርግበት የውጭ ግድግዳ ይራቅ። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ክፍሎችን የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ነው። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ አየር እንዲዘዋወር በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተው። ወለሉ እርጥበት የሚያወጣ ከሆነ ከእግሮቹ በታች ጠንካራ ጣውላ ይነጠፍ።

ለ. ስለ እርጥበት፦ ለፒያኖ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያለው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመዋዠቁ ይበልጣል። በክረምት ጉም በሚወርድበት ሰዓት መስኮት ይዘጋ፤ ሰማይ ሲጠራ ይከፈት። በበጋ ድርቀት በክፍሉ ጥግ ውኃ የያዘ ሰፊ ዕቃ ማስቀመጥ ይረዳል፤ በፒያኖው ላይ ወይም ውስጥ ግን ፈጽሞ አይደረግ። በግድግዳ የሚሰቀል አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ቢገኝ ቤተሰቡ በግምት ከመመራት ይድናል። እርጥበቱ እጅግ ለበዛበት ቤት ባለሙያ የሚገጥመው ለፒያኖ ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ ዘንግ አለ፤ በገዛ እጅ አምፖል ማስገባት ግን የእሳት አደጋ ያመጣል።

ሐ. ስለ ቡና ሥርዓት፦ ቡና የሚፈላው እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ፒያኖም የሚቀመጠው በዚያው ክፍል ነው። የከሰሉ ምድጃ ሙቀት፣ የጀበናው እንፋሎት፣ የዕጣኑ ጭስና የተጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማ ተባብረው ፒያኖውን ይጎዱታል። ቡናችንን እንተው አንልም። ምድጃው ግን በክፍሉ ሌላ ጫፍ ይሁን፤ ክዳኑም እስከ ሦስተኛው ስኒ ተዘግቶ ይቆይ። ቄጠማውም ከፒያኖው እግር ሥር አይጎዝጎዝ።

መ. ስለ አይጥና ስለ ብል፦ የመዶሻዎቹ ሱፍ ለብል ምግብ፣ ለአይጥ መኝታ ነው። ሁለቱም የሚወዱት ጨለማና ጸጥታ ያለበትን፣ የማይነካውን ፒያኖ ነው። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ የፊት ሳንቃው በባለሙያ ወይም ባለሙያው ባሳየው ሰው ተከፍቶ በባትሪ ይታይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ ብዙዎች ቤታቸውን ዘግተው ተሰደዱ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ተዘግቶ የቆየ ፒያኖ ያለው ሰው ከማስቃኘቱ በፊት ውስጡን ያስመርምር።

ሠ. ስለ ንጽሕና፦ ቁልፎቹ በጥቂቱ ርሶ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ተጠርገው ወዲያው በደረቅ ይታበሱ። ሳሙናና አልኮል አይንካቸው። የአበባ ማስቀመጫም ሆነ ብርጭቆ በፒያኖ ላይ አይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ የተደፋ ውኃ የዓመታትን ጥንቃቄ ያፈርሳል። ልጆችም ከመጫወታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ረ. ያልተማሩትን ስላለመንካት፦ እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። በዘርአ ክህነት ተማሪዎች ሳለን፣ በአንድ ክረምት፣ የአዳራሹ ፒያኖ ጥቂት ቁልፎች እየተጣበቁ አልመለስ አሉን። ብልሃተኞች መስሎን ከወጥ ቤት ዘይት አምጥተን ጠብ ጠብ አደረግንበት። ለሁለት ቀን የተሻለው መሰለን፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ፣ ሱፉን አርሶ፣ ከፊተኛው የባሰ አጣበቀው። በኋላ የመጣው ባለሙያ ችግሩ የክረምቱ እብጠት ብቻ እንደ ነበረና በጥቅምት ድርቀት በራሱ ሊመለስ ይችል እንደ ነበር ነገረን። ዘይቱን ለማስወገድ ግን ሙሉ ቀን ፈጀበት። በፒንሳ ችንካር ማዞርም እንዲሁ ነው፤ አውታር ሊበጠስ፣ የእንጨቱም ጥብቀት ለዘለቄታው ሊላላ ይችላል።

5. ስለ ቃኚው ባለሙያ

ቃኚው በቅድሚያ የሚይዘው የ«ላ»ን ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን፣ ልኩ እ.ኤ.አ. በ1939 በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተወሰነ ነው። ከዚያም ከየሦስቱ አውታሮች ሁለቱን በሱፍ አፍኖ አንዱን ብቻ እያሰማ ይቃኛል። ሁለት ድምፆች በጥቂት ሲለያዩ እንደ ማዕበል የሚመላለስ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ቃኚው ያን መንቀጥቀጥ በጆሮው እየቆጠረ ልኩን ያገኛል። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ጸጥታ ይሻል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሬዲዮ ይዘጋ፤ ልጆችም ወደ ውጭ ይውጡ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙዎች የሚጠይቁንን አንድ ጥያቄ እንመልስ። በክራር የሰማነው ትዝታ ወይም ባቲ በፒያኖ ሲመታ ለምን ትንሽ ይለይብናል? በፒያኖ ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት በ12 እኩል ክፍል ተከፍሏል። በዚህ አከፋፈል እያንዳንዱ ድምፅ ከፍጹም ልኩ ጥቂት ጥቂት ስለሚተው ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ መጫወት ይቻላል። ክራር መቺው ግን የሚቃኘው ለያዘው ዜማ ብቻ ስለ ሆነ ጆሮው የወደደውን ልክ ይይዛል። ልዩነቱ እንግዲህ የቃኚው ስሕተት አይደለም።

ፒያኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቃኝ መልካም ነው። አዲስ የሆነ እንደ ሆነ አውታሩ ገና ስለሚለጠጥ በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ለእኛ አካባቢ የሚስማማው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንጨቱ ሲረጋ፣ በኅዳር፣ ሁለተኛውም በልጉ ካለፈ በኋላ በግንቦት ነው። በመስከረም መባቻ ማስቃኘት ግን ሊደርቅ ባለ እንጨት ላይ መድከም ነው። ለብዙ ዓመት ሳይቃኝ ቆይቶ ድምፁ እጅግ የወረደ ፒያኖ በአንድ ቀን አይስተካከልም፤ በክፈፉ ላይ ብዙ ኃይል ስለሚጨመር በመጀመሪያ በሻካራው ይነሣል፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ በጥንቃቄ ይቃኛል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች «ላ» ከ440 ምን ያህል እንደ ራቀ ስለሚያሳዩ፣ ቃኚ የሚጠራበትን ጊዜ ለማወቅ ይጠቅማሉ። በሽታውን ቢያሳዩም አያክሙም።

ስለ ወጪው፣ ከአዲስ አበባ ለአንድ ፒያኖ ብቻ ባለሙያ ማስመጣት ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው። ነገር ግን በደሴና በኮምቦልቻ ፒያኖ ያላቸው ቤተሰቦች፣ ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ተነጋግረው በአንድ ሳምንት ቢያስመጡት የመንገዱና የማደሪያው ወጪ ይከፋፈላል። ሠርግንና ሐዘንን በቅሬና በዕድር የምንወጣ ሰዎች ይህ አይከብደንም። እግረ መንገዱንም ጆሮው ቀና የሆነ አንድ ወጣት ከጎኑ ተቀምጦ ቢመለከት የሙያው ፍሬ በአገራችን ሊተከል ይችላል።

ፒያኖ ለመግዛት የሚያስብም አስቀድሞ ባለሙያ ያስመርምር። የውጭው ቀለም የሚያምር ሆኖ ችንካሮቹ የላሉ እንደ ሆነ ቅኝት አይይዝምና፣ በርካሽ የተገዛው በውድ ይከፈልበታል።

6. ስለ ኪቦርድ

በአብዛኞቹ ቤቶቻችን ያለው ፒያኖ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኪቦርድ ነው። ይህ አውታር ስለሌለው አይቃኝም፤ አቧራ፣ እርጥበትና የመብራት መዋዠቅ ግን ይጎዳዋል። መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት ጊዜ ገመዱ ይነቀል። ድምፁ የተዛባ ሲመስልም ብዙውን ጊዜ ልጆች የድምፅ መቀየሪያውን ነክተውት ነው፤ ከጥናት በፊት ወደ መነሻው መመለሱ ይረጋገጥ።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ፒያኖን የሚገድለው አዘውትሮ መጫወት አይደለም። የሚገድለው የአየር መዋዠቅና «ነገ እናየዋለን» የሚል ቸልተኝነት ነው። ችንካሩ አንድ ጊዜ ከላላ፣ ሳንቃውም አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ፣ በእጃችን የሚተካ የለም። መስኮት በጊዜው መዝጋት፣ ምድጃውን ራቅ ማድረግ፣ ክዳኑን መክደን፣ በየዕለቱ ጥቂት መጫወት፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅና ማንኛውም ልጅ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው። ቃኚው ያስተካከለውን ቤተሰቡ ይጠብቀው፤ ከዚያ ቤት የሚወጣው ልጅም ጆሮው የቀና፣ ድምፁን ከሌሎች ጋር ለማስማማት የማይፈራ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በአዳራሻችሁ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ የተቀመጠበት ቦታ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ የራቀ ነውን?

2. ፒያኖ ሳይነካ የሚበላሸው ለምንድን ነው? በራሳችሁ ቃል ለልጆች አስረዱ።

3. በኅዳርና በግንቦት ባለሙያ በጋራ ለማስመጣት በአካባቢያችሁ ከእነማን ጋር መነጋገር ይቻላል?